ቲቸር የሺና የፉርጎ መርማሪው

ሐመዱ ስልክ ደውሎ ዝም ካለ ክፉ ነገር ደርሷል ማለት ነው፤ ዝም ማለት የማያውቅ ሰው ነውና። ሰመራ፣ ቢሮዬ ውስጥ ፋይል እያገላበጥኩ ሳለ ነው የደወለው። "ሃሎ" አልኩት፤ አይመልስም። ከበስተጀርባው የከባድ መኪና ጥሩንባ ይሰማል፤ ሎጊያ መሆኑን አወቅኩ። "ተናገር እንጂ አንተ ሰው!" ብዬ ስጮህበት፣ "ሰዓዳ… ቲቸር…" አለና ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በላይ መናገርም አያስፈልገውም ነበር።

ባጃጅ ይዤ ወደ ሎጊያ ስበር መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነበር። የተናደድኩትም በሐኪሞቹ ወይም በዕጣ ፈንታዋ አይደለም፤ በራሷ በቲቸር የሺ ነው። ለሞተ ሰው ክፉ አይነገርም ይባላል። እኔ ግን እወዳት ስለነበር እናገራለሁ፤ የማልወደውን ሰው መች እቆጣለሁ?

ቲቸር የሺ አዋሽ የመጣችው ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። ወሎ፣ ሐይቅ ተወልዳ አድጋ፣ የመምህርነት ምደባዋ አዋሽ ላይ ጣላት። እኛ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ልጆች አዲስ አስተማሪ ሲመጣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ እንወራረድ ነበር፤ ሙቀቱ አብዛኛውን ዓመት ሳይሞላው ያባርረዋል። እሷን ስናያት ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ስለሆነች እስከ ገና አትቆይም አልን። እሷ ግን በመጀመሪያው ቀን አንድ ፎጣ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ ጨምቃ፣ ማጅራቷ ላይ ጣል አድርጋ ክፍል ገባች። ፎጣው ሲደርቅ ወጥታ ትነክረዋለች፤ ተመልሳ ያቋረጠችው ቃል ላይ ትቀጥላለች። እንዲህ እያለች አዋሽን ቻለችው።

"አንቱ አትበሉኝ" አለችን። "ሙቀቱ ያስረጀኝ ይበቃል፤ እናንተ አትጨምሩበት።" ከዚያ ወዲህ ሁላችንም አንቺ አልናት፤ ወላጆቻችን ስድ ልጆች እያሉ ቢቆጡንም።

የምታስተምረው ባዮሎጂ ነበር። ስለ መተንፈሻ አካላት ልታስተምር የመጣች ዕለት የፍየል ሳንባ በፌስታል ይዛ ገባች። ሳንባ እኛ ሰፈር ለድመት የሚጣል ነገር ነው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አልተቆጣችም። የእስክርቢቶ ቀፎ አየር ቧንቧው ውስጥ ሰካችና በረጅሙ ነፋችው። ያ የተጨማደደ ነገር ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያለ አበጠ፣ ቀላ፣ ከፍየሏ ደረት የሚበልጥ መሰለ። ሳቁ ሁሉ ጠፋ። "ለድመት የምትጥሉት ይህንን ነው" አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች። "አሁን ሁላችሁም ደረታችሁ ላይ እጃችሁን አድርጉ።" ሐመዱ ከኋላ ወንበር ተነስቶ፣ "ቲቸር፣ የእኔ አይነፋም!" ብሎ እንደገና አሳቀን። ያኔም ዝም ማለት አያውቅም ነበር።

አንድ ልማድ ነበራት። ጥያቄ ስትጠይቀን "ይመስለኛል" ብሎ የጀመረ ልጅ መልሱን አይጨርስም። "መምሰሉን ለመስታወት ተውለት፤ የምታውቀውን ንገረኝ" ትለዋለች። አላውቅም ማለት ነውር አልነበረም፤ የሚያናድዳት መቀባባት ነበር። እውነትን እንደዚያች ሴት የሚወድ ሰው አላየሁም። የኋላውን ሳስበው የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

አባቴ አዋሽ ጣቢያ ላይ የፉርጎ መርማሪ ነበር። ባቡሩ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ ከመነሳቱ በፊት ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ ይሄዳል፤ የብረት ጎማውን ኳ ያደርግና ጆሮውን ያዘነብላል። ድምፁ ጥሩ ከሆነ ያልፋል። ከተጠራጠረ ባቡሩን ያቆማል፣ ይጠገናል። የማይጠገን ከሆነ ያ ፉርጎ ተፈትቶ ይጣላል እንጂ አይሄድም። ቲቸር የሺ ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እየሄደች ትማር ስለነበር አንድ ዓመት ስትመለስ መጽሐፋችን ውስጥ የሌለ ነገር ይዛ መጣች። በሰውነታችን ውስጥ አንድ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት እየዞረ የሚመረምር ፕሮቲን አለ፣ ስሙም ፒ ሃምሳ ሦስት ይባላል አለችን። ጉድለት ካገኘ ያስቆማል፣ ያስጠግናል፤ ካልሆነም ያንን ሕዋስ እንዲሞት ያደርገዋል። እሱ ከሌለ ብልሽቱ እየተባዛ ይሄዳል፤ ካንሰር የምንለው ይህን ነው። አልገባንም። ጣቷን ወደ እኔ ዘረጋችና፣ "የሰዓዳ አባት ነው በቃ" አለች።

ገባን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ በሙሉ ያንን ፕሮቲን የሰዓዳ አባት ነው የሚለው። አባቴ ሲሰማ ደስ አለው፤ ለአንድ ሳምንት ያህል መዶሻውን ከወትሮው ጠንከር አድርጎ እንደመታ እምላለሁ።

ባቡሩ እየተዳከመ ሲሄድ አዋሽም አብራው ተዳከመች፤ ሥራው ሁሉ ወደ አስፋልቱና ወደ ከባድ መኪናው ዞረ። ሰመራ የክልሉ ከተማ ስትሆን እኔ ቢሮ ተቀጠርኩ፣ ሐመዱ የመንግሥት መኪና ሾፌር ሆነ። ቲቸር የሺም ተዛውራ መጣች። ባል አላገባችም፤ "ማን ያገባኛል፣ ሳንባ የምትነፋ ሴት" እያለች ትስቅ ነበር። ቤት የተከራየችው ሎጊያ፣ ከጋራዦቹ ፊት ለፊት ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው መኪና ሁሉ እዚያ ቆሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ እያጓራ ያድራል። ሐመዱና እኔ ቤተሰቧ ሆንን። እሷ ክርስቲያን፣ እኛ እስላሞች፤ በበዓሏ እኛ ከደጇ አንጠፋም፣ በዒዳችን እሷ ከእኛ አትለይም።

ሳሉ የጀመራት እዚያ ነው። ደረቅ ሳል፣ የማይለቅ። ጤና ተቋም ሄደች፤ አክታዋ ተመረመረ፤ ምንም የለም ተባለ። ሆኖም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀመሩላት። "ካልተገኘ ምኑን ነው የምታክሙት?" ብላ ጠየቀች። "ቲቸር፣ እዚህ አገር ሳል ከቆየ ቲቢ ነው" አሏት። ስድስት ወር ሙሉ ዋጠችው። ሲያልቅ ግማሽ ሰውነቷም አብሮ አልቆ ነበር፤ ሳሉ ግን እንዳለ ነው። ያ ስድስት ወር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አዲስ አበባ ይዟት የሄደው ሐመዱ ነው። ደረቷን አነሱ፣ በመርፌ ቁራሽ ወሰዱ። የሳንባ ካንሰር ሆነ፤ ጉበቷም ላይ ደርሷል። ሐኪሙ እንደ አገሩ ወግ ሐመዱን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወስዶ በሹክሹክታ ነገረውና "ለእሷ ቀስ ብላችሁ ነው" አለው። እሷ ከአግዳሚው ላይ ሆና፣ "ዶክተር! ሳንባው የእኔ ነው፤ ወደዚህ ዙርና ንገረኝ" ብላ ጠራችው። ሐመዱ ሲጋራ አጫሽ ነበር። ከሆስፒታሉ በር ላይ ፓኮውን ከነክብሪቱ ወርውሮ፣ "እኔ አጨስኩ፣ አንቺ ታመምሽ፤ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?" እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ ናት ያባበለችው።

መድኃኒቱን በደም ሥሯ ጀመረች። ያንን ቁራሽ ሥጋዋን ደግሞ ለፒ ሃምሳ ሦስት እንዲመረምሩላት ለመነቻቸው። ሐኪሙ ሕክምናሽን አይለውጠውም ብሏት ነበር። "ግድ የለም" አለችው። "ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምረው የኖርኩትን ነገር አንዴ በራሴ ላይ ልየው።" ውጤቱ እስኪደርስ ሎጊያ ተመለሰች። እናቷ እማማ ዘውዴ ሐይቅ ሆነው መታመሟን ሰምተው ነበር። እግራቸውን ያማቸዋል፤ ሆኖም በኮምቦልቻ፣ በባቲ አድርገው ሊመጡ ስንቃቸውን አሰሩ። የአንድ ቀን መንገድ ነው። ልብ በሉልኝ፣ የአንድ ቀን መንገድ!

በዚያው ሳምንት ሐመዱ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ውጤቱን ተቀበለ። ሐኪሙ በዚያ ቀን አልነበረም፤ በመስኮት የሰጡትን ወረቀት ይዞ መኪናው ውስጥ ከፈተው። እንግሊዝኛ ነው፣ አብዛኛው አይገባውም። አንዷ መስመር ግን ገባችው፤ ቲቸር የሺ አስተምራዋለችና። ፒ ሃምሳ ሦስት በብዛት፣ በጣም ጎልቶ ታይቷል ይላል።

ሲመለስ መንገድ ላይ፣ ገዋኔ ሆኖ ደወለልኝ። "ሰዓዳ! አባትሽ አለ!" አለኝ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ የሰውየው ጭንቅላት የተነካ መሰለኝ። "የሰዓዳ አባት! ፕሮቲኑ! ሳንባዋ ውስጥ ሞልቷል፣ በብዛት አለ ይላል!" እኔም የእሷው ተማሪ ነኝ። መርማሪው ካለ ብልሹው ፉርጎ አይሄድም፤ መርማሪው ከበዛ ደግሞ ምን ሊሆን ነው? አልሐምዱሊላህ ብዬ ቢሮው መሐል ወለሉ ላይ በግንባሬ ተደፍቼ ሱጁድ ወረድኩ። ሌላ ማንም ሰው በዚያ ወረቀት አይደሰትም ነበር፤ ምንም ያልተማረ ሰው አያነበውም፣ ደህና የተማረ ሰው ይደነግጣል። የተደሰትነው እኛ ነን፣ አዋሽ ላይ እሷ ያስተማረችን።

ሐመዱ እዚያው ገዋኔ ሁለት ፍየል ገዛ፤ አንዱ በእስላም፣ አንዱ በክርስቲያን የሚታረድ። ነጋዴዎቹ ፍየሎቹን መኪናው ላይ እየጫኑለት ለእማማ ዘውዴ ደወለ። "እማማ፣ ድናለች! እግርዎን አያድክሙ፤ እሷ ራሷ ትመጣልዎታለች!" አላቸው። እልልታቸው በስልኩ ውስጥ አልፎ ነጋዴዎቹን እንዳስደነገጣቸው እየሳቀ ነገረን። ስንቁ ተፈታ።

ሎጊያ ሲደርስ፣ እኔ ቀድሜው ደርሼ ጎረቤቱን ስለጠራሁ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ቲቸር የሺ ደጅ፣ የገመድ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። ሐመዱ ወረቀቱን እንደ ሠርግ ስጦታ በሁለት እጁ ሰጣት። አነበበችው። ፊቷን እያየሁ ነበር፤ ምንም አላየሁበትም። ወረቀቱን አጥፋ ትራሷ ሥር ከተተችውና፣ "ለእናቴ ማን ነገራት?" አለች።

"እኔ!" አለ ሐመዱ ደረቱን ነፍቶ። "እልል አሉ እኮ ቲቸር፣ ብትሰሚያቸው!"

"ጎሽ" አለችው።

ፍየሎቹ ታረዱ። ጎረቤቱ በላ፣ ጠጣ፣ የጋራዥ ልጆች ሳይቀሩ ጨፈሩ። መሐል ላይ የፍየሉን ሳንባ አምጡልኝ አለች። ሰው ሁሉ የአስተማሪነት ዛሯ ተነሳባት ብሎ ሳቀ። በሳህን አመጡላት። አልነፋችውም፤ ለመንፋት የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም። በጣቶቿ ብቻ ቀስ እያለች ዳሰሰችው፤ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ሮዝ ሳንባ። ከዚያ ሳህኑን መልሳ ሰጠችኝ።

እንግዳው ሁሉ ሲሄድ እቃ ላጥብ ስነሳ እጄን ያዘችኝ። "ሰዓዳ፣ አባትሽ ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ ማን ያየው ነበር?" አለችኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"ይመታል፣ ያዳምጣል፣ ይሄዳል። ጤነኛው ፕሮቲንም እንደዚያው ነው። ሥራውን ሲጨርስ ሰውነት ያፈርሰዋል፤ በማይክሮስኮፕ ቢፈልጉት እንኳ እምብዛም አይታይም። የማይፈርሰው የተበላሸው ነው። መዶሻውን የጣለ፣ ጆሮው የደነቆረ መርማሪ በየፉርጎው ሥር እየተቀመጠ ይከማቻል። ሥጋዬን ሲመረምሩ የቀቡት ቀለም ያሳየው እሱን ነው። ይህንን አላስተማርኳችሁም፤ እኔም ያኔ አላውቀውም ነበር።"

"ዶክተሩስ?" አልኳት።

"ቅድም እናንተ ስትጨፍሩ ጓዳ ገብቼ ደወልኩለት። አንድ ቀለም ብቻውን የሰው ዕድሜ አይቆርጥም አለኝ፤ ደግ ሰው ነው። ጉበቱም ሲደመርበትስ አልኩት። አይዞሽ ብሎ ስልኩን ዘጋ።"

"እንግዲያው እናትሽ ይምጡ። አሁኑኑ ልደውል።"

"አትደውይም።" ድምጿ የክፍል ድምፅ ሆነ። "እናቴ ሁለት ልጅ ቀብራለች። አንዱን ጦርነት በላው፣ አንዷ በወሊድ ሄደች። ለእኔ እንዲህ እልል ያለችው መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ጥቂት ወር ትደሰትበት። ለሐመዱም እንዳትነግሪ፤ ይገድለዋል።"

"አንቺ ነሽ ይህንን የምትይ?" ብዬ ጮህኩባት። "መምሰሉን ለመስታወት ተዉለት ስትይን ኖረሽ!"

"እሱ ለፈተና ነው ሰዓዳ" አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ይደክመኛል። ለሕክምና አንድ ጊዜ ሄደች፤ ከዚያ ደክሞኛል ብላ ቀረች። ሐመዱ ግን በየቀኑ ተሻላት ይላል። አጥንቷ ሲወጣ፣ "መድኃኒቱ ነው፣ ከሥሩ እየነቀለላት ነው" ይላል፤ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ለእናቷ የምትደውለው ትንፋሽ በምታገኝበት ሰዓት ብቻ ነበር። አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሦስት ቃል ትናገርና ይቆረጥባታል፤ ያኔ ስልኩን ለእኔ ታቀብለኛለች፤ እኔም "ኔትወርኩ ነው እማማ፣ የሎጊያ ኔትወርክ እንዲህ ነው" እላለሁ። እሳቸው፣ "ኧረ ልምጣ፣ ዓይኗን ልየው" ሲሉ ከአልጋው ላይ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። "ሙቀቱ አይችልዎትም እማማ" እላለሁ። ስንት ጊዜ እንደለመንኳት አልቆጥረውም። ተንበርክኬ ለምኛታለሁ። ተቆጥቼ ሁለት ቀን ቀርቻለሁ። አልተነቃነቀችም። ደግነት እንዲህ ድርቅ ሲል ከጭካኔ በምን እንደሚለይ እኔ አላውቅም።

በመጨረሻው ሳምንት ግን አንድ ቀን፣ ፎጣ ነክሬ ግንባሯን ሳቀዘቅዝ፣ ዓይኗን ሳትከፍት "እማዬ" አለች። እኔን አልነበረም የጠራችው። "ልጥራልሽ?" አልኳት በጆሮዋ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ እሺ ይሁን አይሁን አልተሰማኝም። ወጥቼ ደወልኩ። "ትንሽ ደከም ብሏታል፣ ቢመጡ ደስ ይላታል" አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ፤ "ናፍቃኝ ነው በይ! ነገ እነሳለሁ" አሉኝ። በነገታው ተነሱ። እሷም በዚያው ጠዋት ሞተች። ሐመዱ የደወለልኝ ያኔ ነው።

ሎጊያ ላይ በዚያ ሙቀት ሬሳ አያቆዩም። እሷም እዚሁ ቅበሩኝ ብላ ለንስሐ አባቷ ተናዝዛ ነበር። እናቷ እስኪደርሱ እንጠብቅ ብለን ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ቆየን፤ አውቶቡሳቸው ሚሌ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ቄሶቹ ከዚህ በላይ አይሆንም አሉ። ቀበርናት።

እማማ ዘውዴ የደረሱት አመሻሹ ላይ ነው። ቅቤ በጣሳ፣ በሶ፣ ማር፣ ለዳነ ሰው የሚያዝ ሁሉ ይዘዋል። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ሐመዱ ሊቀበላቸው ቀረበ። ፊቱን አዩት። ጣሳው ከእጃቸው ወድቆ ቅቤው አስፋልቱ ላይ ቀለጠ። ጩኸታቸውን አልጽፈውም።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ። ሐመዱ ጥግ ይዞ ጉልበቱ ላይ ተደፍቷል፤ ያ ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ዝምተኛ ሆኗል።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ" አሉኝ። "እንደማትድን ታውቅ ነበር?"

"ማን?"

"የሺ። ልጄ። አውቃ ነው ነይ ሳትለኝ የቀረችው? ምን አጥፍቼባት ነው?"

ዓይናቸውን አየሁ። ደርቆ ነበር፤ እንባው አልቆ። እውነቱን ብናገር ለቀረቻቸው ዕድሜ ሁሉ "ምን አጥፍቼባት ነው" እያሉ ሊኖሩ ነው። ለደግነት ብላ ነው ብላቸው ማን ይሰማኛል? እኔም አልሰማኋትም።

"አታውቅም ነበር እማማ" አልኳቸው። "እስከ መጨረሻው እድናለሁ ነበር የምትል።"

"በአላህሽ በይኝ።"

በሕይወቴ በሐሰት ምዬ አላውቅም።

"ወላሂ እማማ። አታውቅም ነበር።"

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ራሳቸውን ላይና ታች ነቀነቁ።

"እኔስ መች አጣሁት" አሉ። "ብታውቅማ ትጠራኝ ነበር።"

"አዎ" አልኳቸው። "ትጠራዎት ነበር።"